የመሃሉን ክፍል ብርሃን ከጣሪያ ያምጡት

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ የድሮ የጭቃ ቤት አለኝ። ወርዱ 3.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 11 ሜትር ነው። መሃል ያለው 14 ካሬ ክፍል ቀንም መብራት ይፈልጋል። በጎን ግድግዳ መስኮት ላስከፍት ወይስ ጣሪያው ላይ አንድ ሙሉ ብርሃን አስገቢ ቆርቆሮ ላስመታ?

መልስ፦ ግድግዳውን አይንኩት። ጣሪያውን የተሸከመው ጭቃው ሳይሆን ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ቋሚ ሲቆረጥ ጣሪያው ይጎብጣል፣ ግድግዳው የጋራ ከሆነ ደግሞ የጎረቤትም ጣጣ ይመጣል። ለዚያውም መስኮቱ የሚያሳይዎት የሰው ጓዳ ነው።

ሙሉ ቆርቆሮ ክፍት መተውም ይበዛል። የወለሉ 5 በመቶ፣ ማለትም 60 ሴንቲ በ1.20 ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበቃዎታል። ደሴ ብርድ ስለሆነ የበጋ ፀሐይ የሚያገኘውን የጣሪያውን የደቡብ ተዳፋት ይምረጡ፤ ቤቱ ሞቃታማው ኮምቦልቻ ቢሆን ሰሜኑን እል ነበር።

ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ጠንካራ ብርሃን አስገቢ ፕላስቲክ ይግዙ። ተራው ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ በረዶም ይበሳዋል። ከነባሩ ቆርቆሮ ቁራጭ ይዘው ሱቅ ይሂዱና ደርበው ይዩት፤ ሞገዱ ካልገጠመ ይተዉት።

ቤት የሚያፈሰው አገጣጠሙ ላይ ነው። የአዲሱ ላይኛው ጫፍ ከነባሩ ቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ ታችኛው ጫፍ ከነባሩ በላይ ይተኛል። መደራረቡ ላይና ታች 20 ሴንቲ፣ በጎን ሁለት ሞገድ ይሁን። ሠራተኛ የድሮ ምስማር መንቀል ሲሰለቸው ሁሉንም ከላይ ይጭንና ጠርዙን ሲሊኮን ይቀባዋል። ከላይ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ያንን ጠርዝ ይመታል፣ ሲሊኮኑ ሲላቀቅ ውሃው ወደ ኮርኒሱ ነው። ስለዚህ ሲሠራ ቆመው ይዩ።

ምስማር በቀጥታ አይመታበትም። በሞገዱ ጀርባ ላይ ከምስማሩ 3 ሚሊ የሚሰፋ ቀዳዳ በድሪል ይበሳና ባለጎማ ምስማር ይገባል። 2 ሜትር ፖሊካርቦኔት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 4 ሚሊ ያህል ይረዝማል፤ መላወሻ ካጣ ከምስማሩ ሥር ይሰነጠቃል። ማገር ቢያጋጥም አይቆረጥ፣ ብርሃኑ በጎንና በጎኑ ያልፋል።

ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ በቺፑድ ሳጥን ያሠሩ፤ ውስጡ የማያብለጨልጭ ነጭ ይቀባ፣ ታቹ ወደ 80 ሴንቲ በ1.40 ሜትር ይስፋ። ኮርኒስዎ አቡጀዴ ከሆነ ሳጥኑን ስለማይሸከም ከጣሪያው እንጨት በሞራሌ ይንጠልጠል። የታችኛው አፍ ብርሃን በሚበትን ወተት መሰል ፕላስቲክ ይዘጋ፣ ለጽዳት እንዲከፈት ሆኖ ግን ዙሪያው በደንብ የገጠመ። ካልተዘጋ የድስቱ እንፋሎት ሌሊት ቀዝቃዛው ፕላስቲክ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ እርስዎ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው አናጢ ይጠራሉ።

በፊተኛውና በመሃሉ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳም ጣሪያ ካልተሸከመ የላይኛውን 50 ሴንቲ መስታወት ያድርጉት። ግድግዳውን በጭቃና ጭድ አስመርገው ኖራ ይቀቡት። ሲሚንቶ ልስን ከጭቃው ጋር ስለማይያያዝ ይላቀቃል፣ የዘይት ቀለምም እርጥበት አፍኖ ይላጣል።

ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይጠይቁ፤ ማዘጋጃ ቤትም ሳያውቅ ጣሪያ አይከፈት። ሥራውን ከኅዳር እስከ ጥር ይጨርሱት፣ በልግ ከገባ ጣሪያ ከፍቶ ማደር አይቻልም።