የሰርግ ሽልማት የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ከፍኖተ ሰላም ነው ምጽፍላችሁ። አምስት ነን፣ እኔ ማሲንቆ፣ ክራር አለ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንዲት ድምጻዊት። ከጥምቀት ጀምሮ ጾም እስኪገባ ከደጀን እስከ ዳንግላ ሰርግ ለሰርግ ስንዞር ነው ምንከርመው። ችግራችን ሽልማት ነው። በቀደም ቡሬ ላይ የሙሽራው አጎት ብር እየለጠፈ ግንባሯን ሸፈነው፣ እሷ ዘፍና እንደጨረሰች ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና ዝም፣ ከበሮ መቺው ደሞ ሚኒባሱ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ፊቱን አዞረ። አሁን ልንበተን ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዴ "የካንትሪ ሙዚቃ ባንዶች እኮ ስንት ዓመት አብረው ይዞራሉ" ይለኛል፣ እንዴት ቻሉት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘመድህ ትንሽ አሳምሮልሃል፣ ሳይታወቁ የሚበተኑት ይበዛሉ። ላንተ ሚሆነው አላባማ የሚባለው ባንድ ነው። ፎርት ፔይን ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው፣ ራንዲ ኦወን፣ ቴዲ ጄንትሪና ጄፍ ኩክ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሚርትል ቢች ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደው አንድ ባር ውስጥ መጫወት ጀመሩ፣ ደሞዝ ብትል ቲፕ ነው፣ ያው የናንተው ሽልማት በለው፣ ግንባር ላይ አይለጠፍም እንጂ። ሰው ሊዋኝ በሚመጣበት ወቅት እንደዛ ሲሉ ከርመው ከርመው አርሲኤ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ያስፈረማቸው በ1980 ነው፣ ከ1982 እስከ 1984 ደሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ የካንትሪ ማኅበሩ የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ ተባሉ።

ፍቅር በፍቅር ይመስላል አይደል? የከበሮውን ወንበር እይልኝ። ቀድሞ ሌሎች ተፈራርቀውበታል፣ ማርክ ሄርንደን በ1979 ገባ፣ ግን እንደ ሦስቱ ባለድርሻ አልነበረም፣ ተከፋይ ነው። በ2008 ሦስቱ ከ200 ሺ ዶላር በላይ ትርፍ ተከፍሎሃል ብለው ከሰሱት። ፎቶ ላይ አራት፣ ሂሳብ ላይ ሦስት ማለት ነው።

እኛም ጋ እኮ ድሮ አዝማሪ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆኖ ነበር ሚዞረው፣ እሷ ትሸለም እሱ ይሸለም ብሩ ሚገባው አንድ ቤት ነው። እናንተ አምስት ጎጆ ናችሁ፣ ስለዚ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ቱር ሚያደርጉት ባንዶች ለምሳሌ ከባለ አዳራሹ የተቆረጠ ብር ወይ ከመግቢያው ፐርሰንት ይቀበላሉ፣ ሥራ አገናኙ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10፣ ማናጀሩ 15 እስከ 20 ያነሳል፣ ነዳጅና ማደሪያ ይወጣል፣ ሚካፈሉት የቀረውን ነው። እናንተም ሽልማቱም ቀብዱም አንድ ቦርሳ ይግባና የሚኒባስ ኪራይ፣ የሳውንድ፣ ያንተ የማሲንቆ ጭራ ሳይቀር መጀመሪያ ይነሳለት፣ ቀሪው ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ሁላችሁም እያያችሁ ይቆጠር። ድምጻዊቷ ትብለጥ ወይ ካልከኝ እኔ ብሆን አንድ ተኩል ድርሻ እሰጣታለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮዋን ምትጨርስ እሷ ናት፣ አጎትየውንም ያስነሳችው እሷ ናት (ማሲንቆህን ሳልንቅ ነው)። ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ መንገድ ላይ አይሆንም። አሁን ጾሙ ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም አይደል፣ ያኔ ቡና አፍሉና ከበሮ መቺውን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጻፉት፣ ከፋሲካ በኋላ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት።