ካፖው «ስሜን እንዳትጽፊ» ካለሽ

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ወጣት መሐንዲስ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። በጅማ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ተምራ፣ እዚሁ ጅማ አንድ ሳይት ላይ የተቀጠረች ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የአናጺዎቹ ካፖ ፑንቴሎዎቹ የቆሙበት መሬት እየሰረገ ነው አለኝ። ሪፖርት ላይ ላስገባው ስል ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ለመነኝ። ምን ላድርግ?» ትላለች። ካፖ የሠራተኞች አለቃ ነው፤ ፑንቴሎ ደግሞ ያልጠና አርማታን ከሥር የሚይዝ ጊዜያዊ ቋሚ። በሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ነበር ሐሳቤ። እንቅልፉም መልሱም እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ሄልሜታቸው ገና ላልተጫጫረ ልጆችም አንድ ላይ ልጻፈው።

በቅድሚያ አንድ ወቀሳ አለኝ። የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ የማገኘው የሲቪል ተማሪ ሁሉ የኬብል ድልድይ ካልሠራሁ የሚል ሆኗል። 380 ሜትር ርዝመት ነው፤ ማን አይመኝም? እዚያ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ መሐንዲስ ያለም አይመስለኝ። ከእሱ በፊት በ2000 ማብቂያ ላይ የተከፈተው፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የ303 ሜትሩ ድልድይ አለ። ሁለቱም በጠባያቸው ካያችኋቸው ንጹሕ የኬብል ድልድዮች አይደሉም፤ ማማቸው አጠር ያለ ነው፣ ዋናውን ሸክም አግዳሚው ይይዛል፣ ኬብሉ ያግዘዋል። ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው ተማሪዎች አሉ። ለምን ቅር እንደሚላቸው አይገባኝም።

የሚያሳስበኝ ስለ እነዚህ ድልድዮች ስጠይቃችሁ ማማውንና ኬብሉን ብቻ መንገራችሁ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ቀለም ቀብታችሁ ታሳዩኛላችሁ፤ ቀይ እዚህ፣ ሰማያዊ እዚያ። አርማታው እስኪጠና ድረስ ማን ተሸክሞት እንደሚቆይ፣ ተሸካሚውስ ምን ላይ እንደቆመ ስጠይቅ ዝም። ያ ክፍል ድልድዩ ሲያልቅ ስለሚነሳ ሥዕላችሁ ውስጥ የለም።

የካን ቶን ታሪክ አንብቡ። ካን ቶ በቬትናም፣ በሜኮንግ ደልታ ያለች ትልቅ ከተማ ናት። ሕዝቡ የሃውን ወንዝ በጀልባ ነበር የሚሻገረው፤ መኪናውም በጀልባ። ከዚያ የኬብል ድልድይ ተጀመረላቸው፤ በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ብቻ 550 ሜትር። መስከረም 15 ቀን 2000፣ እኛ እዚህ ከሚሊኒየሙ ጭፈራ ሳንወጣ፣ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እነሱ ዘንድ ጠዋት ሠራተኛው ሥራ ላይ እንዳለ ድልድዩ ወረደ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። ልብ በሉ፣ ኬብል አልተበጠሰም። ማማ አልወደቀም። የወደቀው ወደ ወንዙ የሚያደርሰው ተራ የአርማታ መዳረሻ ነው፤ ገና ካዛፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ላይ፣ በጊዜያዊ ድጋፍ ተይዞ ሳለ። የመንግሥት አጣሪዎች በኋላ እንዳሉት የጊዜያዊው ድጋፍ መሠረት እኩል አልሰረገም፤ አንደኛው ወገን ከሌላው አብልጦ ወረደ። ድልድዩ አልቆ የተከፈተው በሚያዝያ 2002 ነው። ዛሬ ፎቶውን ብታዩ ያ ድጋፍ የነበረበትን ቦታ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

እኔ ይህን ዜና ስሰማ የመጣብኝ የእኛው የነሐሴ ጉዳይ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ወደ ጎጀብ ከሚገቡት ገባሮች በአንዱ ላይ ትንሽ የአርማታ ድልድይ ይሠራ ነበር። እኔ ረዳት መሐንዲስ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ያኔ የነበሩት አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሌሎቹም አልፈዋል። ካዛፎርማውን የያዙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው፤ ብረት ፑንቴሎ ማን አይቶ! ቋሚዎቹ ሳንቃ ላይ፣ ሳንቃው ዋልካ፣ ያ ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ። ዋልካ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን የጅማ ልጅ ለሆነ አልነግረውም።

ካፖው የጅማ ሰው ነበር። አባቱ ጣሊያን ከተማውን ሲገነባ አናጺ ነበር ይሉ ነበር። በየቋሚው እግር ሥር ሁለት ሁለት ሽብልቅ ያስገባል። ጠዋት ጠዋት፣ እኛ ሻይ ስንጠጣ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከታች ይገባና ሽብልቆቹን አንድ በአንድ በመዶሻ ይነካካቸዋል። ሸክም የያዘ ሽብልቅ ድፍን ድምፅ አለው። ሸክሙ የሸሸው ይንኳኳል። ይህን እሱ ነው ያስተማረኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሽብልቅ ድምፅ የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም። በግራው ዳርቻ ያሉት በየጠዋቱ ላልተው ይገኙ ጀመር። ያጠብቃቸዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይንኳኳሉ። ከዳር ካለው ቋጥኝ እስከ ቋሚዎቹ ሌንዛ፣ የአናጺ መለኪያ ክር፣ ወጠረና የግራዎቹ ምልክት ከሌንዛው በታች መውረዱን በጣቱ አሳየኝ። «መሬቱ እየጠጣ ነው» አለኝ። «ይህን ሳናወጣና ድንጋይ ሳንሞላ አርማታ አይጫንበትም።»

ዋናው መሐንዲስ ግን ቀን ተቆርጦበታል። መስከረም 2፣ የአብዮት በዓል ዕለት ድልድዩ ይመረቃል ተብሎ ለአውራጃው ቃል ተገብቷል። እኔ የሳይቱን ደብተር አወጣሁና ጻፍኩ፤ «የግራው ዳርቻ ቋሚዎች እየሰረጉ መሆናቸውን የአናጺዎች ኃላፊ አሳይቶኛል። የአርማታው ሙሌት እንዲቆይ።» ስሙንም ከነአባቱ አስገባሁ። ሐቀኝነት መስሎኝ ነበር፤ ሐቀኝነትም ነው። የሰው ዕውቀት የራሴ አስመስዬ እንዳላቀርብ ብዬ። ዋናው መሐንዲስ ከሥሩ «ይቀጥል» ብሎ ፈረመ።

በሙሌቱ ቀን ሚክሰሩ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል፣ ባሬላው ይመላለሳል። ካፖው ከታች ነው። ሰው ከሥር እንዳያልፍ በሲባጎ አጥሮ ብቻውን ሽብልቅ ይነካካል። ላይ የነበርነው ከሰዓት በኋላ ድምፁን ሰማን፤ በአፋን ኦሮሞ ውጡ፣ ውጡ እያለ ነው። ወለሉ በግራ በኩል ስንዝር ያህል ተቀመጠ። ጥሬው አርማታ ወደ ዝቅታው ፈሰሰ፣ ፌሮው ጎበጠ፣ አንድ ሁለት ቋሚ እንደ ሸንኮራ ጮኾ ተሰበረ። ከዚያ ቆመ። አንድም ሰው አልተጎዳም፤ ከሥር ሰው ስላልነበረ ነው፣ ከሥር ሰው ያልነበረው እሱ ስላጠረው ነው። ያንን አርማታ ከጠና በኋላ በመዶሻና በመሮ ስንሰብር መስከረም 2 አለፈ።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ደብተሩን ወሰዱት። ውሳኔው ሲደርሰን እንዲህ ይላል፤ የአናጺዎች ኃላፊው የካዛፎርማውን ጉድለት አስቀድሞ ማወቁ በሳይቱ ደብተር ተረጋግጧል፤ እያወቀ አላስተካከለም። የዚያው ወር ደመወዙ ለጉዳቱ ተያዘ፤ እሱም ተሰናበተ። ማስረጃው የእኔ ገጽ ነው። ለእሱ ምስክር ይሆናል ብዬ የጻፍኩት። እኔን ያው ገጽ አዳነኝ፤ «አስጠንቅቋል» ተባልኩና አዲስ አበባ ቢሮ ተዛውሬ የቱቦና የከልቨርት ሥዕል ስሥል ኖርኩ። ይግባኝ ጻፍኩለት። ፋይሉ ተዘግቷል አሉኝ።

ሊሰናበተኝ የመጣ ዕለት የተናገረው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «ጽሑፍህ ያምራል» አለኝ። «ይነበባል።» እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ምን እንደሆነ ያኔም አሁንም አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ጅማ መርካቶ አገኘሁት። ከግንድ እየፈለፈለ በርጩማ ይሠራል። አስቀመጠኝ፣ ቡና አስመጣ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። ስለ ድልድዩ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁ። አንድ በርጩማ ገዛሁና ከዋጋው በላይ ልሰጠው ስል ተቆጣኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽ ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ ገብቶሻል። ለብዙ ዓመት ለጀማሪዎች ስናገር «የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ፣ የሠራተኛን ዕውቀት አትብሉ» እል ነበር። ዛሬም እላለሁ፤ ስም ሳይጠቅስ የሚጽፍ መሐንዲስ ያበሳጨኛል። ግን የአንቺ ካፖ ለምን እንደሚለምንሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ ደብዳቤ ጽፈሽ ብትባረሪ ሲቪ ይዘሽ ሌላ ቦታ ትሄጃለሽ። እሱ ሲቪው ክንዱ ነው፣ አሠሪዎቹም እርስ በርስ ይደዋወላሉ። እኛ በደብተር እንሟገታለን፤ እሱ በደብተር ይከሰሳል። ሁለቱም ሐሳብ ልቤ ውስጥ አለ፣ ላስታርቃቸው አልቻልኩም፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉን ያስታርቃል ያላችሁ ማነው?

አንድ ነገር ግን ልመስክር። የዛሬ ልጆች ጭቃ አትወዱም እያልኩ ስወቅሳችሁ እኖራለሁ፤ እኔ ግን በእናንተ ዕድሜ ካፖውን «ስምህን ልጻፍ?» ብዬ መጠየቅ እንዳለ እንኳ አልመጣልኝም። እሷ ጠይቃለች።

ስለዚህ ነገ ጠዋት እንዲህ አድርጊ። የከተማው መኪናና ሚክሰር ሳይንቀሳቀስ ሳይት ግቢ። ሌቭሉን፣ የከፍታ መለኪያውን፣ ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አንብቢ፤ ካፖው ያሳየሽን ቋሚዎች ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ አለዚያ ማን እንደጠቆመሽ ወዲያው ይታወቃል። በማግስቱም፣ ዝናብ ከጣለ በኋላም ድገሚ። ትልልቆቹ የኬብል ድልድዮች ላይም ልኬት የሚነበበው ፀሐይ ብረቱን ሳታሞቀው ማለዳ ነው፤ ልማዱን ከአሁኑ ያዢው። ከዚያ ሪፖርቱን በራስሽ ንባብ ጻፊ፤ ቁጥሩ ያንቺ ነው፣ ማንም ካፖውን አይጠራበትም። ሙሌት ይቁም የሚለውን በግልጽ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አስገቢ፣ የተፈረመበትን ኮፒ ቤትሽ ውሰጂ። በስልክሽ ያነሳሽው ፎቶ ላይ የካፖው ፊት እንዳይገባ።

ካፖውን ግን ለብቻው ጠይቂው፤ ሥራው በሰላም ሲያልቅ ስሙ እንዲጻፍ ይፈልግ እንደሆነ። ሊፈልግ ይችላል። ንባቡን ስታገኚ ለእኔም ላኪልኝ፣ የዋልካውን ነገር አብረን እናየዋለን፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።