ከፌስታል ወደ ወረቀት፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሪሳይክል ከተደረገ ወረቀት ከረጢት እንሠራለን። ሥራው ላይ 6 ዓመት ሆኖኛል። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ እስቲ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ።

ወረቀትም የሚሠራው ዛፍ ተቆርጦ ነው። ታዲያ በምን ይሻላል? (ባለሱቅ፣ ጀሞ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ወረቀት መሥራት ብዙ ውሃና ኃይል ይፈጃል፣ ከረጢቱም ከፌስታል ስለሚከብድ ለማጓጓዝ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ የወረቀት ከረጢት አየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንዴ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል እንዳይበልጥ ቢያንስ 3 ጊዜ ማገልገል አለበት። አሮጌ ወረቀት ተመልሶ ሲሠራ ግን አዲስ ዛፍ አይቆረጥም፣ የሚፈጀው ውሃና ኃይልም ይቀንሳል። ትልቁ ልዩነት ደግሞ ከተጣለ በኋላ ነው። ፌስታል ክረምት ሲገባ ቱቦ ይደፍናል። እኛ ሰፈር ላሞች ቆሻሻ ላይ ሲግጡ ይውላሉ፣ የዋጡት ፌስታል አይፈጭም፣ ሆዳቸው ውስጥ እየተቋጠረ ይከማቻል፣ ላሟ እየበላች ትከሳለች። የጎረቤቴ ላም ታርዳ ከሆዷ የወጣውን ጥቅል በዓይኔ አይቻለሁ፣ እስካሁን አልረሳሁትም። ወረቀት እንዲህ አያደርግም፤ ይበሰብሳል።

ሪሳይክል የተደረገ መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ለገጣፎ)

በዓይን አይታወቅም። ቡናማ ስለሆነ ብቻ አትመኚ፣ አዲስ ወረቀትም ካልነጣ ቡናማ ነው። ሻጩን ከምን እንደተሠራ ጠይቂው፣ ካልመለሰልሽ እለፊው።

ለምን ቶሎ ይቀደዳል?

ወረቀት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቃጫዎች ተፈጭተው በተሠሩ ቁጥር ያጥራሉ። ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከተመላለሱ በኋላ አይያያዙም። ለዚህ ነው እኛ ታቹን ደርበን የምናጥፈው።

ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ኮሎ ይገዛል። ይጎዳዋል? (እናት፣ ኮዬ ፈጬ)

እህቴ፣ እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ጋዜጣ ላይ የሚቀመጠው ትኩስ ሳምቡሳ ነው። ሙቀትና ዘይት የኅትመት ቀለሙን ወደ ምግቡ ይስባሉ። ሪሳይክል የተደረገ ወረቀትም የድሮው ቀለም ትራፊ ሊኖርበት ይችላል። ኮሎው ደረቅ በመሆኑ ይሻላል፣ ቢሆንም የተጻፈበትን ወረቀት አልመርጥም። ቤት ቆልተሽ በትንሽ ዕቃ ብትቋጥሪለት ደስ ይለኛል። እኛም ከረጢታችን ውስጥ ያልታሸገ ምግብ በቀጥታ እንዳይገባ ለደንበኞች እንነግራለን። በዚህ ምክንያት የሄዱብን ዳቦ ቤቶች አሉ፣ ግን መናገር አለብን።

ሥጋ ቤት አለኝ፣ በወረቀት ብጠቀልልስ? (ሰበታ)

በኛ ወረቀት አይሆንም፣ ደሙ ያበሰብሰዋል። ደንበኛህ ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ይምጣ፣ ለሚያመጣ ትንሽ ቀንስለት።

የወረቀት ኩባያስ?

አብዛኛው ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ሪሳይክል ማድረጉ ያስቸግራል። ቡናህን በሲኒ ጠጣ።

ከተጠቀምኩበት በኋላ የት ላድርገው?

ደጋግመህ ያዘው። ሲያልቅለት ከሌላ ቆሻሻ ለይተህ፣ ደረቁን ለቁራሌው ስጠው። ዘይት ወይም ወጥ የነካው ከሌላው ጋር አይቀላቀል፣ ሙሉውን ያበላሻል። "ይበሰብሳል" ብለህ ከሁሉም ጋር አትጣለው፣ ክምር ሥር ተቀብሮ አየር ሲያጣ ሚቴን ጋዝ ያወጣል። ክምሩ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የሞተብን ሕዝብ ነን። ከዚያ ክምር ላይ አንድ ካርቶን ማስቀረት ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክረምት ላይስ? ዝናብ ሲነካው እጄ ላይ ይበጣጠሳል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኔም ወረቀት አልይዝም። ገበያ የምወጣው በእናቴ ዘንቢል ነው። ጆሮውን ሁለት ጊዜ አሰፍቼዋለሁ፣ ሽንኩርቱንም ድንቹንም አሁንም ይችላል።