የፒዛሮ ሰዎች ደመወዝተኞች ነበሩን?

ጥያቄ፦ ቡራዩ ከጎረቤቴ ጋር ቡና ስንጠጣ ክርክር ገጠምን። እኔ የኢንካን ግዛት የያዙት ስፔናውያን የንጉሡ መደበኛ ጦር ነበሩ ስል፣ እሳቸው ግን «ሽፍቶች እንጂ ወታደሮች አልነበሩም» ብለው ይሟገቱኛል። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚተዳደሩት በምን ነበር?
(ከቡራዩ አንድ አንባቢ)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ክርክሩን ሙሉ በሙሉ ባያሸንፉም እርስዎ ግን ተረትተዋል። ለዘመቻው መሪ ለፍራንሲስኮ ፒዛሮ እ.ኤ.አ. በ1529 በስፔን ከተማ በቶሌዶ የተፈቀደለት ዘመቻውና የገዥነቱ ሹመት ነበር እንጂ፣ ከግምጃ ቤት ቀለብና ደመወዝ የሚሰፈርለት ጦር አልተሰጠውም። እያንዳንዱ ዘማች ሰይፉንና ጋሻውን፣ የቻለም ፈረሱን፣ በራሱ ወይም በተበደረው ገንዘብ አሰናድቶ ይወጣል፤ ተስፋውም ከምርኮው የሚደርሰው ድርሻ ነው። ሽፍታ እንዳንላቸው ግን ከተገኘው ሁሉ አንድ አምስተኛው ለንጉሡ ተመዝኖ የሚለይ ነበር፤ ሽፍታ ደግሞ ግብር አይከፍልም።

የድርሻው ሥርዓት በግልጽ የታየው በዛሬዋ ፔሩ በምትገኘው በካሃማርካ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1532 እነዚህ 168 ሰዎች (62ቱ ፈረሰኞች ነበሩ) የኢንካዎቹን ንጉሥ አታሁዋልፓን በማረኩት ጊዜ፣ እርሱ አንድ ክፍል አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ በብር አስሞልቶ ራሱን ሊቤዥ ቃል ገባ። የመጣው ዕቃ ቀልጦ ሲከፋፈል ለአንድ ፈረሰኛ ወደ 8,880 ፔሶ ወርቅና 362 ማርክ (ማርክ የብር መመዘኛ ነው) ብር ሲደርሰው፣ እግረኛው ያገኘው የዚያን ግማሽ ያህል ነበር፤ ፈረሱ እንደ አንድ ሰው ተቆጠረ ማለት ነው። አታሁዋልፓ ግን ቤዛውን ከፍሎም በ1533 ተገደለ።

ወርቅ አላቂ ነውና ቋሚ መተዳደሪያቸው «ኤንኮሚዬንዳ» የሚባለው ሆነ። ይህም መሬቱ የራስ ሳይሆን ከነዋሪው ግብርና ጉልበት የመቀበል መብት ሲሆን፣ ከእኛ ጉልት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ባለመብቱ በአጸፋው ነዋሪውን ክርስትና ሊያስተምር ግዴታ ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ግብሩን እንጂ ግዴታውን አላስታወሱም።

ፒዛሮን የገደለውም ይኸው የድርሻ ነገር ነው። ሸሪኩ ዲዬጎ ዴ አልማግሮ ካሃማርካ የደረሰው አታሁዋልፓ ከተማረከ በኋላ ስለነበር፣ ሰዎቹ ከቤዛው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላገኙም። ቅሬታው እየከረረ ሄዶ ጦር አማዘዘ፤ አልማግሮም ተሸንፎ በ1538 ተገደለ። ጉልትም ወርቅም ያጡት ተከታዮቹ በሊማ ድህነታቸው ስለ ጠና አሥራ ሁለቱ አንድ ካባ በየተራ ይለብሱ ነበር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1541 ፒዛሮን ገዛ ቤቱ ገብተው የገደሉትም ከእነዚሁ ወገን የሆኑት ናቸው።