ጎምዛዛው ቢራ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጣዕሙ ነው? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እኔ ምኖረው ብራስልስ ነው። የባለቤቴ አባት የዚህ አገር ሰው ናቸው፣ ለልደቴ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ጉዝ የሚባል ቢራ ሰጡኝ፣ እንደ ሻምፓኝ ቡሽ ያለው፣ ላዩ ላይ ካንቲዮን ይላል። አንዱን ፍሪጅ አሳድሬው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ስከፍተው ሽታው የፈረስ ጋጣ፣ ጣዕሙ ደሞ ጥርስ የሚያጠርስ ሆነብኝ። ተበላሽቷል ልድፋው ስል ባለቤቴ ሳቀችና አባቴ እንዳይሰማ አለችኝ። እውነት ይሄ ነገር እንደዚ ሆኖ ነው የሚጠጣው? ሁለተኛውን ምን ላርገው?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ ሁለተኛውን እንዳትደፋው! አማትህ ቢወዱህ ነው ይሄን የሰጡህ፣ ካንቲዮን እዛው አንደርሌክት ውስጥ ያለ ከ1900 ጀምሮ የሚሰራ የቤተሰብ ጠመቃ ቤት ነው፣ ከ1978 ጀምሮ ደሞ ሙዚየምም ስለሆነ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል፣ አንተም ቅርብህ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ሂድና እየው።

ምን መሰለህ፣ ጉዝ የሚሰራው ላምቢክ ከሚባል ቢራ ነው፣ ላምቢክ ላይ ደሞ ማንም እርሾ አይጨምርበትም። የገብስ ብቅልና ያልበቀለ ስንዴ (ስንዴው ሲሶ ያህል ነው) አንድ ላይ ይጠመቅና ሆን ተብሎ ለዓመታት ካስረጁት ሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚሆን አበባ) ጋር ለሰዓታት ይፈላል፣ ሆፕሱን የሚያስረጁት ምሬቱ እንዲጠፋና ከመበላሸት የሚጠብቀው ጉልበቱ ብቻ እንዲቀር ነው። ከዛ ትኩሱን ጣሪያ ስር ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ውስጥ ይደፉትና የሌሊቱ አየር እየገባ ሲያቀዘቅዘው ያድራል፣ ከአየሩም ከጣሪያው እንጨትም ከበርሜሉም የሚመጣው እርሾና ባክቴሪያ ራሱ ስራውን ይጀምራል። ጠላ ስትጠነስስ እናትህ እርሾ ከሱቅ ገዝታ አታውቅም አይደል፣ ከጌሾውና ከጋኑ ነው የሚመጣው፣ እዚህም መነሻው እሱ ነው፣ ልዩነቱ ጠላ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ይሄ ግን ዓመታት ይፈልጋል። እዛ አገር በሚሞቅበት ወቅት አይጠምቁም፣ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝና የማይፈለጉት ባክቴሪያዎች ስለሚበዙ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ብቻ ነው።

ጠዋት ላይ ወይን ሲቀመጥበት የቆየ የኦክ በርሜል ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ስትሄድ አረፋው በበርሜሉ አፍ ገንፍሎ ቡናማ ሆኖ ጎኑ ላይ ደርቆ ታየዋለህ፣ ከላይ ከበርሜል ወደ በርሜል የተዘረጋ የሸረሪት ድር አለ፣ ማንም አይጠርገውም፣ ምክንያቱም ሸረሪቶቹ የፍራፍሬ ዝንቦቹን ይበሉላቸዋል፣ ዝንብ ደሞ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ዋና ጠላታቸው ነው። እኔ ከዛ ቤት ሁሌም ዓይኔ የሚቀርበት ይሄ ነው፣ አቧራው፣ ድሩ፣ የእንጨቱ እርጥብ ሽታ፣ ሁሉም በምክንያት ነው የተተወው።

በርሜሉ ውስጥ መጀመሪያ ተራው እርሾ አልኮሉን ይሰራል፣ ወራት ቆይቶ ፔዲዮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ ማምረት ይጀምራል፣ እሱ ነው ጉምዛዜውን የሚሰጠው፣ እርጎ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። አንዳንዴ በዚህ ጊዜ ቢራው እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል፣ የማያውቅ ሰው ቢያየው በቃ ሞተ ይላል፣ ግን ብሬታኖማይሲስ የሚባል ሌላ እርሾ በዝግታ መጥቶ ያንን ያጠራዋል። ያ የጋጣ፣ የእርጥብ ድርቆሽ፣ የኮርቻ ቆዳ ሽታ የሱ ነው። በ1904 ክላውሰን የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለይቶ ስም ያወጣለት፣ ከዝርያዎቹ አንዱ ደሞ ስሙ ራሱ ብሩክሰለንሲስ ነው፣ ያንተ ከተማ ስም። እና ጉዝ ማለት የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና የሚፈላው ነው፣ ወጣቱ ስኳሩን ያዋጣል፣ ሽማግሌው ጣዕሙን፣ ጋዙ የሚመጣው ከዛ ነው። የሚቀላቅለው ሰው በርሜሎቹን አንድ በአንድ እየቀመሰ ነው የሚመርጠው፣ ለኔ ከጠመቃው በላይ ትልቁ ሙያ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠርሙስ። ያስቸገረህ ግማሹ ቅዝቃዜው ነው፣ በጣም ሲቀዘቅዝ የፍራፍሬ ጣዕሙ ሁሉ ይደበቅና ጉምዛዜው ብቻ ይቀራል፣ ስለዚ 12 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ አውጣው። ሳትነቀንቀው ቀስ ብለህ ክፈት፣ አተላው ከታች ስለሚቀመጥ መጨረሻ ላይ ትንሽ ተው። የወይን ብርጭቆ ላይ ቅዳው እንጂ በጠርሙሱ አትጠጣ፣ ሽታው ነውና ግማሹ ነገር። የመጀመሪያውን ጉንጭ አትፍረድበት፣ ምላስህ ገና እየደነገጠ ነው፣ ሁለተኛውን ሦስተኛውን ጠጣና ትንሽ ተወው፣ ያኔ የሎሚ ልጣጩ፣ አረንጓዴ ፖሙ፣ ድርቆሹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። አልኮሉ 5 ወይ 6 በመቶ ገደማ ስለሆነ አያስቸኩልህም፣ አንድ ጠርሙስ ለሦስት ሰው በደንብ ይበቃል። እና የኔ ምክር ከአማትህ ጋር ክፈተው። እዛው አገር ድሮ ካፌ ውስጥ ጉምዛዜው የከበደው ሰው ስኳር አድቅቆ ይጨምርበት ነበር፣ ነውር አይደለም፣ እኔ ግን ያለ ስኳር እንድትሞክረው ነው ምለው። ሰዉ እዛ ነጭ ለስላሳ አይብ ዳቦ ላይ ቀብቶ በራዲሽ እየበላ ይጠጣዋል፣ የኛ ዓይብም በጣም ይሄዳል፣ ለብለብ ክትፎ ከዓይብ ጋር ከሆነማ ቅባቱን ቆርጦ አፍህን ያጸዳልሃል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ጋር ግን አልወደውም፣ ማቃጠሉንም ጉምዛዜውንም ያባብሰዋል።

የተበላሸውን እንዴት ትለያለህ ካልከኝ፣ አፍንጫህን የሚወጋ የኮምጣጤ ወይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለው፣ ወይ ቡሹ ሻገተና ቢራው እርጥብ ካርቶን ከሸተተ፣ እሱን ድፋው። ሌላው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆይልሃል። ሙቀት ግን ጠላቱ ነው፣ በ2009 ብራስልስ አጠገብ ቤርሰል ውስጥ ድሪ ፎንተይነን የሚባለው ቤት ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ መጋዘኑ ሲግል በሺዎች የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ፈነዱ፣ ከተረፈው ደሞ አረቄ አወጡበት።

ጥያቄ፦ እኔ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ነኝ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ "የቤልጂየም ዓይነት ዋይልድ ኤል፣ በርሜል ውስጥ የቆየ" የሚል አየሁ፣ ከላምቢክ ጋር አንድ ነው? በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ የቅርብ ዘመድ ናቸው። የአሜሪካ ጠማቂዎች ብዙዎቹ ላምቢክ የሚለውን ስም ለብራስልስና አካባቢው ትተው ዋይልድ ኤል (የዱር ቢራ እንደማለት) ይላሉ፣ ይሄንን ክብር እወድላቸዋለሁ። አብዛኛው ጊዜ ብሬታኖማይሲስ እርሾውንና ባክቴሪያውን ራሳቸው ነው የሚጨምሩት፣ በገንዳ ለሌሊት አየር የሚተዉም አሉ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ ያለው አላጋሽ የሚባለው ጠመቃ ቤት በ2007 ገንዳውን ሰርቷል። አንቺ ግን ሰሜን ካሊፎርኒያ ስላለሽ እድለኛ ነሽ፣ ሳንታ ሮዛ ያለው ራሽያን ሪቨር የሚባለው ጠመቃ ቤት ቅርብሽ ነው። ሰፕሊኬሽን የሚባለው ቢራቸው ፒኖ ኗር የሚባል ቀይ ወይን የነበረበት በርሜል ውስጥ ከጎምዛዛ ቼሪ ጋር የቆየ ነው፣ ቀይ ወይን ከለመድሽ በሱ ጀምሪ። ነጭ ወይን ምትወጂ ከሆነ ቴምፕቴሽን አለ፣ ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን የነበረበት በርሜል ነው። ኮንሰክሬሽን ግን 10 በመቶ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም፣ ቆይተሽ ድረሽበት።

ጥያቄ፦ ጨጓራ አለብኝ፣ እንደዚህ ዓይነት ቢራ ይስማማኛል?

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር አሲዱ ከተራ ቢራ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትጀምር፣ መድኃኒት ላይ ካለህ ደሞ ጭራሽ ተወው። ሐኪሙ ችግር የለውም ካለህ ምግብ በልተህ፣ ግማሽ ብርጭቆ፣ በዛው ቀን ቡና ሳትደርብበት።