ትርፉ አለ፣ ብሩ የታለ?

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ የምርት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሙያዬ መካኒካል ምህንድስና ነው። ባለፈው የማኔጅመንት ስብሰባ የፋይናንስ ኃላፊያችን «ዘንድሮ 8 ሚሊዮን ብር አትርፈናል» አለች። አጨበጨብን። በሳምንቱ የ1.2 ሚሊዮን ብር መለዋወጫ እንዲገዛልኝ ብጠይቅ «ካሽ የለም» ተባልኩ። ትርፉ የት ገባ? ሰው ፊት መጠየቁ አሳፈረኝ።
ኢንጂነሩ፣ ከቃሊቲ

መልስ፦ በፍጹም አይፈሩ። 22 ዓመት በፋይናንስ ክፍል ስሠራ ይህን ደፍረው የጠየቁኝ ሥራ አስኪያጆች ጥቂት ናቸው። ያልገባቸው ግን ብዙ ነበሩ።

ኃላፊዋ አልዋሸችም። ዕቃው ለገዢው ተሰጥቶ ደረሰኝ ሲቆረጥ ሽያጭ ተብሎ ይመዘገባል። ብሩ ገባ አልገባ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁጥሩን በግምት ላሳይዎ። ከ8 ሚሊዮን ይነሱ። የማሽን እርጅና ቅናሽ 3 ሚሊዮን ይደምሩበት፤ ወጪ ተብሎ ተቀነሰ እንጂ ዘንድሮ ከባንክ የወጣ ብር አይደለም። 11 ሆነ። ደንበኞች በዱቤ ወስደው ያልከፈሉት በ9 ሚሊዮን ጨምሯል እንበል። መጋዘን የተቀመጠው ጥሬ ዕቃና ምርት ደግሞ በ6 ሚሊዮን። ሁለቱም ይቀነሳሉ፤ አንዱ ገና ያልገባ ብር ነው፣ ሌላው ዕቃ ሆኖ የተቀመጠ ብር። እናንተ ለአቅራቢዎች ያልከፈላችሁት በ2 ሚሊዮን ጨምሯል፤ እሱ ገና እጃችሁ ያለ ብር ስለሆነ ይደመራል። በመጨረሻ ለባንክ የተመለሰው ዋና ብድር 4 ሚሊዮን አለ። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ወለዱን ያገኙታል፣ ዋናውን ግን አያገኙትም። ሲሰላ ካሹ በ6 ሚሊዮን ጎድሏል። 8 ሚሊዮን ባተረፉበት ዓመት!

በእናንተ ዘርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ዋጋ የገባ ጥሬ ዕቃ ተመርቶ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ወረቀት ላይ ያምራል። ያንኑ ያህል ቶን መልሶ ለመግዛት ግን እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ብር ይጠይቃል። የ30 በመቶው የትርፍ ግብርም የሚሰላው በዚያው ባማረው ትርፍ ላይ ነው። ብዙ ፋብሪካ አትርፎ የተቸገረው እንዲህ ነው፤ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። መጋዘን ውስጥ ከጨመረው 6 ሚሊዮን የምርት ክፍሉ ድርሻ ስንት ነው? አንድ ፋብሪካ ስሠራ የሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ከኋላው መደርደሪያ ሦስት አንድ ዓይነት ኩሽኔታ አገኘን። በተለያየ ዓመት የተገዙ ናቸው። የተጠቀለሉበት ወረቀት አልተፈታም፣ ግሪሱ ደርቋል። ማሽኑ ከተሸጠ ቆይቷል። መዝገቡ ላይ ግን «ሀብት» ተብለው ተቀምጠዋል። ሦስቱንም ያስገዛው እንደ እርስዎ ጎበዝ ኢንጂነር ነበር።

የመለዋወጫውን ጥያቄ «ማሽኑ አስቸገረ» ብለው አያቅርቡት። ማሽኑ በወር 40 ሰዓት የሚቆም ከሆነ፣ አንዱ ሰዓት ከጥሬ ዕቃና ከመብራት ወጪ በኋላ 6 ሺህ ብር የሚያስገኝ ከሆነ፣ በወር የሚቀርባችሁ 240 ሺህ ነው። መለዋወጫው በ5 ወር ራሱን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ምርቱ ገዢ ካለው ብቻ ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ከሆነ ስሌቱ አያዋጣም፤ ኃላፊዋም መጀመሪያ የምትጠይቅዎ ይህንኑ ነው።

ቢሮዋ ሲሄዱ የተሰብሳቢ ሂሳቡን፣ ማለትም ደንበኞች ያልከፈሉትን ዱቤ፣ ዝርዝር ያሳዩኝ ይበሏት፦ 30 ቀን ያለፈው፣ 60 ቀን ያለፈው፣ 90 ቀን ያለፈው ተለይቶ። 90 ያለፉትን አንድ በአንድ ይዩ። «ክዳኑ አይገጥምም» ብሎ ክፍያ የያዘ ደንበኛ ካለ፣ ያንን ብር ከኃላፊዋ ይልቅ እርስዎ ቶሎ ያስለቅቁታል።