መርፌና ክር፦ የእናቴን ቀሚስ ልቁረጠው?

በዚህ ወር አራት ጥያቄ እመልሳለሁ። የመጀመሪያውን መርፌዬን አስቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ መልሱም ረዘም ይላል። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፦ ክዊልት ከላይ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ ሌላ ጨርቅ ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ የተሰፉበት ብርድ ልብስ ነው። አፕሊኬ ደግሞ ቅርጽ ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ በሌላ ጨርቅ ላይ መስፋት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእናቴ ሙት ዓመት ባለፈው ወር ወጣ። ሦስት የሀበሻ ቀሚሶቿ፣ ሁለት ነጠላዎቿና አንድ ጋቢዋ እኔ ጋ ናቸው። ለሁለቱ ልጆቼ ክዊልት ሠርቼ አያታቸውን ለብሰው እንዲተኙ እፈልጋለሁ። አክስቴ ግን «የሞተ ሰው ልብስ አይቆረጥም፣ ለቤተ ክርስቲያን ስጪው። ደግሞስ ልጆቹን ድሪቶ ልታለብሻቸው ነው?» አለችኝ። ሌላው ጭንቀቴ ሽታዋ ነው። ልብሱ ላይ እስካሁን የእጣኗ ሽታ አለ። ካጠብኩት ይሄዳል። ምን ላድርግ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

ከሽታው ልጀምር። አንዱን ነጠላ አትጠቢው። አትቁረጪውም። በንጹሕ ነጭ የጥጥ ከረጢት ጠቅልለሽ ከፀሐይ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ፕላስቲክ ውስጥ አይሁን፣ እርጥበት ይይዛል። የናፈቀሽ ቀን ከፍተሽ አሽትተሽ ትመልሺዋለሽ። ለክዊልቱ የምትቆርጪውን ግን ማጠብ ግድ ነው። የእጅ ሥራ ሸማ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳታጥቢ ከሰፋሽው በኋላ ይጨማደድና ስፌቱን ይጎትተዋል። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅሽ እጠቢው። አትጭመቂው። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

አሁን ወደ አክስትሽ። ለቤተ ክርስቲያን ስጪ ማለታቸው ትክክል ነው። ከሦስቱ ቀሚሶች በደንብ ያለውን አንዱን ስጪ። የሚለብሰው ሰው ይመርቃታል። የምትቆርጪው ያለቀውን፣ የተቀደደውን፣ ወጥ የነካውን ነው። እሱን ማንም አይለብሰውም።

ድሪቶ የሚለው ቃል ግን ያመኛል። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የአባቴን ሱሪ ጉልበት ትጥፍ ነበር። እንዳይታይ ብላ እራፊውን የምታስገባው ከውስጥ በኩል ነው። ሰው ቤት ስንሄድ አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ልጅ ሆኜ ጉልበቱን የሚያመው ይመስለኝ ነበር። የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ሥራ ስጀምር ከአላባማ የመጡ ጎረቤት ነበሩኝ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቀን ዳቦ ይዤላቸው ገባሁ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ካረጀ ጂንስ የተሠራ ክዊልት ተሰቅሏል። የጉልበቱ እራፊ አልተደበቀም። መሃል ላይ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ሆኖ ተሰፍቷል። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በሳምንቱ ተመልሼ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። መርፌ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ናቸው ስለ ጊዝ ቤንድም የነገሩኝ። አላባማ ውስጥ ወንዝ ዞሮ የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። እዚያ ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆርጣ፣ ከሴት ልጇ ጋር ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ክዊልት ሠራችበት። እሱን እያስታወሰች ልትለብሰው ነው። የዚያ መንደር ሴቶች ክዊልቶች በ2002 ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣላቸው። ይህን ለአክስትሽ ንገሪያቸው። ክርክር አታድርጊው፤ እንደ ወሬ፣ ቡና ላይ ንገሪያቸው። አንቺ ያሰብሽውን ሌላ እናት ከአንቺ በፊት አድርጋዋለች።

ወደ ሥራው። ሸማ ድርና ማጉ ላላ ያለ ነው። ሲቆረጥ ዳሩ ይተረተራል። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት በካውያ ሙቀት የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ ከጀርባው ለጥፊበት። ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚያደርጉት ዓይነት ነው፤ ከሁሉም ስሱን ምረጪ። ለስፌት የሚተወው ዳር በተለመደው ጨርቅ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንቺ ግን እጥፉን፣ 1.25 ሴንቲ ሜትር ተዪ። ለአንድ ልጅ 27.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 30 ካሬዎች ቁረጪ። ሲሰፉ 25 ይሆናሉ። አምስቱን ወደ ጎን፣ ስድስቱን ወደ ታች ስትደረድሪ 125 በ150 ይመጣል። ለልጅ አልጋ ይበቃል።

ሁሉም ካሬ ከእናትሽ ልብስ መሆን የለበትም። ግማሹን ጠንከር ያለ ነጭ ወይም ክሬም የጥጥ ጨርቅ አድርጊው። የቀሚሱን ጥበብ ግን አትቆራርጪው። ረጅም አድርገሽ እንዳለ አውጪውና መሃል ላይ በአፕሊኬ ስፊው። ከሥሩ ሙሉ ጨርቅ ስላለ ክብደቱን ያ ይሸከምለታል። ጥበቡ በራሱ መስቀል ካለው መስቀሉን የልጁ ደረት በሚያርፍበት በኩል አድርጊው።

ጋቢው ደግሞ መሃል ይግባ። ለመሃል የሚሆን ጥጥ ከሱቅ ለምን ትገዢያለሽ? ጋቢ እኮ ራሱ የተደራረበ ነው። መጀመሪያ እጠቢውና ይሰብሰብ። ከዚያ ከላይና ከታች ጨርቁን አድርገሽ፣ ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያዢያቸውና ስፊ። ክዊልቱ ከበድ ይላል።  እኛም ልጅ ሆነን ከበድ ካለ ቡሉኮ ሥር ነበር የምንተኛው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ መቀሱን ስታነሺ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። የእኔም ተንቀጥቅጧል። የዚያን ቀን ከሥር፣ ከማይታየው እጥፋት ጀምረሽ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቁረጪና ተዪው። ለነገ ይደር።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ጥልፍ እችላለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በአፕሊኬ ልሠራ ሞክሬ ነበር። ክቡ ሁሉ ማዕዘን እየሆነ አስቸገረኝ። የጦሩ ጫፍ ወፈረ። የፈረሱ ነጭ ላይ ደግሞ ከሥር ያለው ቀይ ጨርቅ ይታያል። ፊቱንስ እንዴት ልሥራው?

መልስ፦ ልጄ፣ እንዴት ደስ አለኝ! የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ለአፕሊኬ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፤ ጥላና ብርሃን አያበዛም። ዙሪያው በጥቁር መስመር ይታሰራል። ይህ ሁሉ በጨርቅ ይቻላል።

ማዕዘኑ የመጣው ዳሩ ስለበዛ ነው። ለአፕሊኬ የሚታጠፈው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ክቡ ወደ ውጭ ሲወጣ ዳሩን አትሰንጥቂው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን፣ እንደ ፈረሱ አንገት ሥር፣ በመቀስ ጫፍ ትንንሽ ስንጥቅ አድርጊበት። እጥፉን በአንድ ጊዜ አትጨርሺው። በመርፌው ጫፍ ግማሽ ጣት ያህል እጠፊ፣ ስፊ፣ እንደገና እጠፊ። ስፌቱ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሁን። ክርሽ የሚሰፋውን ቁራጭ ቀለም ይምሰል። የሥረኛውን ጨርቅ ቀለም ከመሰለ ይታያል። መርፌ 10 ወይም 11 ቁጥር ፈልጊ። ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል።

ለጦሩ ጫፍ፦ እስከ ጫፉ ስፊና አንድ ተጨማሪ ስፌት አድርጊ። ከዚያ ከሥር የተጣጠፈውን ትርፍ ቁረጪው፤ የሚያወፍረው እሱ ነው። ቀሪውን በመርፌ ወደ ውስጥ ግፊና በሌላው ጎን ውረጂ።

ለፈረሱ ሁለት ነጭ ጨርቅ ደርቢ። የውስጡ ዳሩ የማይታጠፍ፣ ከላይኛው ትንሽ ያነሰ ይሁን። ቀዩ አይታይም።

ቅደም ተከተሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ዛፉ፣ ከዚያ ዛፉ ላይ ያለችው ልጃገረድ ብሩታዊት፣ ዘንዶው፣ ፈረሱ፣ ጊዮርጊስ፣ መጨረሻ ላይ ጦሩ። ሌላ ነገር የሚሸፍነውን ጠርዝ አትጠፊው፤ እንዲሁ ጠፍጥፈሽ ተዪው። ለሥረኛው ጨርቅ አቡጀዲ ግሩም ነው። ቴትሮን ግን አይታጠፍልሽም።

ፊቱን በጨርቅ አትሞክሪው። ጥልፍ ትችያለሽና በጥቁር ክር ጥለፊው። ደጋጎቹ በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ሲያዩ ነው የሚሣሉት። ክፉው ነው በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚታየው። ጊዮርጊስ ሁለት ዓይን፣ ዘንዶው አንድ ዓይን ይኑረው።

ከአንቺ በፊት መጽሐፍ ቅዱስን በጨርቅ የሠራች ሴት ታሪክም ልንገርሽ። ሃሪየት ፓወርስ ትባላለች። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1837 በባርነት ተወለደች። ነጻ ከወጣች በኋላ አዳምና ሔዋንን፣ ቃየልና አቤልን፣ የያዕቆብን መሰላል፣ የጌታን ጥምቀትና ስቅለት በአፕሊኬ ሠራች። አሥራ አንድ ሥዕል በአንድ ክዊልት። በ1886 ለሕዝብ አሳየችው። በኋላ ቤተሰቡ ሲቸግረው 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከሸጠችው በኋላም እየተመለሰች ትጎበኘው ነበር። ዛሬ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። የሰዎቹ ቅርጽ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ የተቆረጠ፣ ቀላል ነው። ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ወንድ ነኝ። ሰዓቱ አይገፋም፣ ስልክ ማየት ሰልችቶኛል። የእርስዎን ዓምድ እያነበብኩ ቅጠልና አበባ መስፋት ጀመርኩ። ጓደኞቼ «የሴት ሥራ» አሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አገር ቤት ሸማኔው ማን ነው? ወንድ ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ገበያ መሃል ሲንጀሩን ዘርግቶ ሱሪ የሚያሳጥረውስ? ካይሮ ውስጥ ባብ ዙዌይላ ከሚባለው የጥንት የከተማ በር አጠገብ የድንኳን ሰፊዎች መንገድ አለ። ወንዶቹ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ አፕሊኬ ይሰፋሉ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

በትንሽ ቆርቆሮ ሁለት መርፌ፣ ትንሽ መቀስና የተጠቀለለ ክር ያዝ። ቅጠሎቹን ቤት ቆርጠህ ና። ክርህ ከ45 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፤ ይጠላለፍብሃል። በደብዛዛ መብራት አትስፋ። በየሃያ ደቂቃው ቀና ብለህ ራቅ ያለ ነገር እይ፤ አንገትህንም ዓይንህንም ያሳርፈዋል። እኔ በአውቶቡስ ስመላለስ በቀን አንድ ቅጠል እሰፋለሁ። ባለፈው ክረምት የጨረስኩት ክዊልት 212 ቅጠል አለው። አብዛኛው መንገድ ላይ የተሰፋ ነው። ያንተን ፎቶ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ልጅ ክርስትና ነጭ ክዊልት ላይ ቀይ አበባ ሰፍቼ ነበር። ሳጥበው ቀዩ ለቀቀና ነጩ ሮዝ ሆነ። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ስድስት ወር የለፋሁበት ነው። እንቅልፍ አጣሁ። (ከሲያትል)

መልስ፦ እማማ፣ ይረጋጉ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አላስገቡትም? ካልገባ ተስፋ አለ። የማድረቂያው ደረቅ ሙቀት ቀለሙን ሊያጸናው ይችላል። ከደረቀም ይሞክሩት፤ እኔ ደርቆ የወጣ አይቻለሁ።

የመታጠቢያ ገንዳውን በደንብ ይጠቡትና በሙቅ ውኃ ይሙሉት። ግማሽ ስኒ ያህል የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ማቅለሚያ የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ክዊልቱን ሙሉ በሙሉ ይንከሩት። ከውኃው በላይ የቀረ እጥፋት ካለ ቀለሙ እዚያ ይቀመጣል። ብዙ አይሹት። አሥራ ሁለት ሰዓት ይተዉት። የለቀቀው ቀለም ጨርቁ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሳሙናው ውስጥ ይንሳፈፋል። ውኃው ቀይ ከሆነ አፍስሰው እንደገና ይሙሉ። ውኃው እስኪጠራ ነው። ሁለቴም ሦስቴም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁትና ዘርግተው ያድርቁት። መሃሉ የገባው ሱፍ ከሆነ ግን ሙቅ ውኃ አይንካው፤ ይጨማደዳል።

ለወደፊቱ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሲገዙ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹት። ነጩ ላይ ምልክት ከተወ ለብቻው ደጋግመው ይጠቡት።

እኔም ላይ ደርሷል። የመጀመሪያው ትልቅ ክዊልቴ ላይ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቀይ ለቀቀብኝ። ሳሙናው ሁሉንም አወጣው፣ አንድ ጥግ ላይ የመዳፍ ያህል ሮዝ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ ሦስት አረንጓዴ ቅጠል ሰፋሁበት። እርስዎም ምልክት ከቀረብዎት መጠኑን ይንገሩኝ፤ የሚሸፍነውን ቅጠል ቆርጬ በፖስታ እልክልዎታለሁ። ሦስት ሳምንት ይበቃል።